አዋሽ ላይ የመረጥኩት ስፖንጅ

በደርግ ዘመን የገዋኔን ድርቅ እንድዘግብ የተፈቀደልኝ ለወራት ጠይቄ ነው። እንደ ወንድም የማየው ዘጋቢ ባልደረባዬም አብሮኝ ነበር። ከአዋሽ ወዲያ ሜዳ ላይ ስለምንተኛ፣ ከተማው እንደደረስን ምንጣፍ ልንገዛ ሱቅ ገባን። እሱ ቀለል ያለ ሰሌን ያዘ፤ እኔ ወፍራም ስፖንጅ መረጥኩ።

«ምነው፣ ሙሽራ ነህ እንዴ?» አለኝ።

ወገቤን እንደሚያመኝ ለእሱ ብቻ ነገርኩት።

«አይዞህ፣ ከእኔ አያልፍም» አለና ስፖንጁን ራሱ ጠቅልሎ አሰረልኝ።

ጠዋት አብረን የምንጓዘው ቡድን መሪ ጠራኝ። «ጓድ፣ ወገብህ በረሃ አይችልም አሉ። አንተ ተመለስ፤ ዘገባውን እሱ ይጽፈዋል።»

ባልደረባዬ መኪናው ውስጥ፣ እኔ የምቀመጥበት ቦታ ላይ ነበር። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ለአንተው ብዬ ነው» አለኝ። ስፖንጄ ጣሪያው ላይ ተጭኗል፤ አውርድልኝ አላልኩትም።