ሳይንቲስቶቼና የጋራው ትሪ

ሀገሬ ሳለሁ የስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። ጆሃንስበርግ ከመጣሁ ወዲህ ግን ቶኮዛ ውስጥ ባለች፣ ስፓዛ በሚሏት የሰፈር ሱቅ፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሜ ዳቦና የሞባይል ካርድ ሻጭ ሆንኩ። ያ ሁሉ እውቀት ሰሚ አጥቶ ሆዴ ውስጥ ሲንገላታ ኖሮ ኮሮና ደረሰለት። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ከተማው ሲዘጋ ሰው ሁሉ ሲደነግጥ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

መሃል ከተማ ሂልብሮው፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ለሦስት እንኖራለን፤ እኔ፣ ጋሼ የምንላቸው ስኳር ያለባቸው የጨርቅ ነጋዴ፣ እና በወጥ ሙያ ማንም የማይደርስበት አንድ የዱራሜ ጎልማሳ። ቤት መዋል ስንጀምር ጧት ጧት ማስተማር ጀመርኩ። ያገሬ ተማሪዎች ያዛጉብኝ ነበር። እነዚህ ግን የሚሄዱበት ስለሌላቸው አዳመጡኝ።

መስታወት በእጁ እየሞረደ፣ በውሃ ጠብታ ውስጥ የሚርመሰመሱ ነፍሳትን ስላየው ሆላንዳዊ ጨርቅ ነጋዴ ነገርኳቸው። ጋሼ ከሁሉ እሱን ወደዱት። «ሳይንቲስትም ከኛ ሰፈር ይወጣል ማለት ነው» አሉ። ቀጥዬ፣ ሬሳ ነክታችሁ ሳትታጠቡ እናቶችን አታዋልዱ ብሎ ባልደረቦቹን የለመነውን ሐኪም አመጣሁ። አላገጡበት፤ መጨረሻውም የእብዶች ቤት ሆነ። እዚህ ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «የተማረ ሰው እያወቀ እንዴት ይገድላል?» አልኩ። በጣም አማረብኝ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሳሙና ፈጀ። ጋሼ እስከ ክርናቸው ይታጠቡና ጣቶቻቸውን ዘርግተው ያሳዩኛል፤ እኔም እንደ ፈተና ወረቀት አይቼ አሳልፋቸዋለሁ። ከዚያ ሦስታችንም አንድ ትሪ ከበን፣ ፓፕ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ በወጥ እያጠቀስን፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ ተጠጋግተን እንጎራረሳለን። አደጋው አልታየኝም አልልም፣ ታይቶኛል። ግን በኛ ቤት ለብቻው ሳህን የሚጠይቅ ያኮረፈ ሰው ነው። ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ሳምንታት አለፉ።

ሱቁ ተከፍቶ ታክሲ ውስጥ መጋፋት በጀመርን በሁለተኛው ሳምንት፣ አንድ እሁድ ጧት፣ የዱራሜው ሰው በርበሬና ሽንኩርት ሲያቁላላ አጠገቡ ቆሜ ምንም አልሸተተኝም። ሰውነቴም ይግል ነበር። ምን እንደሆነ ወዲያው አወቅኩ። ግን ቅዳሜ ዕለት ከጋሼ ጋር በቴሌቪዥን ድምፅ ተጨቃጭቀን ስለነበር፣ ለብቻዬ ልብላ ብል ኩርፊያ ነው የሚሉት። ታጥቤ ተቀመጥኩ።

«ቲቸር፣ ትናንት ስላመረርኩብህ ይቅር በለኝ» ብለው አጎረሱኝ። «ተጣጥበናል፣ እንግዲህ ምን ያሰጋናል?»

«ምንም፣ ጋሼ» አልኩና እኔም አጎረስኳቸው።

በአምስተኛው ቀን ጋሼን አምቡላንስ ወሰዳቸው። እኔን በሽታው እንደ ጉንፋን እንኳን በወጉ ሳይይዘኝ ለቀቀኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የዱራሜው ሰው ተንበርክኮ «ይህን በሽታ ቤታችን ያስገባውን ጠላት እሰረው» እያለ ሲጸልይ፣ እኔ አጠገቡ ሆኜ አሜን እል ነበር። ፈርቼ ነበር፤ ከፍርሃቴም ሐፍረቴ ይብስ ነበር። ሦስት ሳህን ገዛሁ። ጋሼ ተርፈው ከመጡ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ ብዬ ማልኩ።

መጡ። ኮታቸው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ግን በእግራቸው። ጎረቤቶች ሊጠይቋቸው ሲሰበሰቡ «ለዚህ ያበቃኝ የቲቸር ትምህርት ነው» አሏቸው። «እጄን ባልታጠብ ሞቼ ነበር።» ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ አንዷ ሴትዮ መረቀችኝ። ሳህኖቹ ከነወረቀታቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ትሪው ቀረበ። ጋሼ እስከ ክርናቸው ታጥበው፣ ጣቶቻቸውን አሳይተውኝ ተቀመጡ።

«ያ እብዶች ቤት የከተቱት ሐኪም» አሉ፣ «ያላገጡበት ሰዎች ኋላ ይቅርታ ጠየቁት?»

«ያነበብኩት መጽሐፍ አይናገርም፣ ጋሼ።»

«መጠየቅ ነበረባቸው» ብለው ፓፑን በወጥ ጠቅልለው ወደኔ ዘረጉ። አፌን ከፈትኩ፤ ጎረስኩ።