በፕላኑ ላይ ያልነበረው ቤት

ይህ ነገር የደረሰብኝ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ ነቀምቴ ከተማ ውስጥ ነው። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ዛሬ የልጅ ልጆች አሉኝ። በሥራ ዘመኔ የሠራኋቸውን ስሕተቶች አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። ይኼኛው ግን ስሕተት ስላልነበረ አልተረሳኝም። አውቄ ያደረግኩት ነው። ለባለቤቴ እንኳ የነገርኳት ከተጋባን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ከአዲስ አበባ ሙያ ተምሬ እንደወጣሁ በድራፍትስማንነት ተቀጥሬ ወደ ወለጋ ተላክሁ። ሥራዬ መሐንዲሱ በእርሳስ የነደፈውን መንገድና ድልድይ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም መገልበጥ ነበር። የንድፍ ክፍላችን ጠባብ ነበረች፤ ሁለት ረጃጅም ጠረጴዛዎች ብቻ ትይዛለች፣ አንዱ የእኔ፣ ሌላው የአቶ ኢተፋ። አቶ ኢተፋ ዕድሜያቸው የእኔን እጥፍ ነው፤ እጃቸው የማይንቀጠቀጥ፣ ቃል የማያበዙ ሰው ነበሩ። ኮፒ የምናወጣው በፀሐይ ነበር። ወረቀቱን ብርሃን መልኩን ከሚለውጠው ሌላ ወረቀት ጋር በመስታወት ሥር አድርገን ደጅ እናወጣዋለን። ክረምት ከሆነ ለአንድ ኮፒ ሦስት ቀን ፀሐይ ስንጠብቅ እንሰነብታለን።

የምኖረው አዴ ወርቂቱ ከሚባሉ መበለት ግቢ ተከራይቼ ነው። ወደ አንገር ሸለቆ ከቀያሾች ጋር ወርጄ ወባ ይዞኝ ስመለስ፣ አሥራ አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጠው ያስታመሙኝ እሳቸው ናቸው። "ኢልመኮ፣ ልጄ፣ እናትህ ሩቅ ናት፤ እኔ ግን እዚሁ ነኝ" ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን መሐንዲሱ ከገበያው ወደ ሆስፒታሉ የሚያወጣውን የአዲስ መንገድ ፕላን ሰጠኝና ለሥራ ወደ ጊምቢ ሄደ። ወረቀቱን ወጥሬ ቤቶቹን አንድ በአንድ ስገለብጥ አንዱን ግቢ አወቅሁት። ጉድጓዱ አለ፣ ትልቋ ዋንዛ አለች፣ የእኔ ክፍል ሳይቀር አለች። መንገዱ የአዴ ወርቂቱን ቤት መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ያልፋል።

ያን ቀን ብዕሬን ቀለም ውስጥ መንከር አልቻልኩም። ማታ ቤት ስገባ አዴ ወርቂቱ አጥራቸውን ሲያጠብቁ አገኘኋቸውና ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

በማግሥቱ ፕላኑን ደጋግሜ አየሁት። ከአጥራቸው ወዲያ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። አንድም ምልክት የለበትም። ኩርባው ቀደም ብሎ ቢጀምርና ስምንት ሚሊሜትር ወደዚያ ቢገፋ የሳቸው ቤት ይተርፋል። ስምንት ሚሊሜትር መሬት ላይ ስምንት ሜትር ነው። አቶ ኢተፋ ለምሳ ሲወጡ መስመሩን ገፍቼ አሰመርኩት። ከመስመሩ ጋር የሚሄዱ ሦስት ቁጥሮች ነበሩ፤ እነሱንም ቀየርኳቸው። ደስ ብሎኝ ነበር። ማንንም የጎዳሁ አልመሰለኝም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ መሐንዲሱ ገና ከጊምቢ ሳይመለስ፣ ቀያሾቹ ኮፒውን ይዘው ለጊዜው ችካል ሊተክሉ ሲወጡ አብሬ ወጣሁ። የአዴ ወርቂቱን አጥር አልፈን ቁልቁል ስንወርድ የብረት ድምፅ ሰማሁ። ቁጥቋጦው ውስጥ አንዲት ጎጆ አለች። ከጎኗ ዳስ፣ ከዳሱ ሥር ወናፍና ከሰል። አንድ ሰው ማጭድ እየቀጠቀጠ ነው፤ ሚስቱ ወናፉን ትነፋለች።

ቀያሹን "ይሄ ቤት ለምን ፕላኑ ላይ አልገባም?" አልኩት።

"የቀጥቃጭ ቤት እኮ ነው" አለኝ፣ ሌላ ምክንያት እንደማያስፈልግ ሁሉ። "ቦታውም የራሱ አይደለም። ጭሰኛ ነው።"

ችካሉ ከዳሱ መሃል ገባ። ሰውዬው መዶሻውን አስቀምጦ ተነሣ። ጉደታ ይባላል። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ የያዝኩትን ኮፒ እንዳሳየው በኦሮምኛ ለመነኝ። ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው።

"ጎፍታኮ፣ ጌታዬ፣ የእኔ ቤት የትኛው ነው?"

"እዚህ የለም" አልኩት በምችለው ኦሮምኛ።

"ከወረቀቱ ላይ ከሌለሁ፣ መንገዱ እንዴት አድርጎ አገኘኝ?"

ሊያፌዝብኝ አልነበረም። የምሬን እነግረው መስሎት ጠበቀኝ። ሚስቱ ወናፉን እንደያዘች ታየኛለች። ኮፒውን ጠቅልዬ ሄድኩ።

ቢሮ ስመለስ ለአቶ ኢተፋ ሁሉንም ነገርኳቸው። ብዕራቸውን ሳያስቀምጡ አደመጡኝ።

"መስመሩ መዞሩን አይቼ ነበር። ታዘህ መስሎኝ ዝም አልኩ" አሉ። ቀጥለውም "መሐንዲሱ ነገ ይመጣል። እኔ ብነግረው አንተን መክሰስ ይሆንብኛል። ራስህ ንገረው" አሉኝ።

በማግሥቱ ነገርኩት። ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ነበር። መሐንዲሱ ግን የራሱን ንድፍና የእኔን ግልባጭ ጎን ለጎን ዘርግቶ አስተያያቸው።

"ሳታስፈቅድ መስመር ነክተሃል። ሁለተኛ እንዳይለምድህ" አለኝ። ቀጥሎም "ኩርባው ግን ከእኔው ይሻላል" አለ።

"ጌታዬ፣ ሰው አለበት።"

"የበፊቱም ላይ ሰው ነበረበት" አለና እርሳሱን አነሣ። "እንግዲህ ንገረኝ። ወደ ድሮው ልመልሰው? አንድ ቃል ነው የምፈልገው።"

የአዴ ወርቂቱ እጅ ትዝ አለኝ፣ እርጥብ ጨርቅ ግንባሬ ላይ ሲያደርግ። የጉደታ ሚስት ዓይኖችም መጡብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ ቃል አልወጣም። እሱም ዝምታዬን እንደ መልስ ቆጠረው። እርሳሱን ኪሱ ከትቶ ፈረመ።

ቅዳሜ ዕለት ጎጆዋ ስትነሣ ሄጄ ምሰሶ ተሸከምኩ። ጉደታ መስመሩን ያዞርኩት እኔ መሆኔን ስለማያውቅ መረቀኝ። ባለመሬቱ ሌላ ቦታ አልሰጠውም። ወናፉን እሱ፣ ቀሪውን ሚስቱ ተሸክመው ወደ ዲጋ በሚወስደው መንገድ ሄዱ።

በሚቀጥለው እሑድ አዴ ወርቂቱ "ዛሬ ምስጋና አለኝ፣ አብረኸኝ ና" ብለው ወደ ጸሎት ቤታቸው ወሰዱኝ። በጉባኤው ፊት ቆመው መንገዱ በቤታቸው ያልፋል ተብሎ ሲወራ ሰምተው እንደነበርና እግዚአብሔር እጁን ዘርግቶ እንዳዞረላቸው መሰከሩ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያን ዕለት በኋላ በዚያ ግቢ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሥራ በዛብኝ ብዬ ሌላ ሰፈር ተከራየሁ። አዴ ወርቂቱ ምን እንዳስቀየሙኝ ሳያውቁ አለቀሱ።

በዓመቱ ለአንዲት ትንሽ ድልድይ ልኬት ወደ ዲጋ ወረድኩ። የገበያ ቀን ነበር። ጉደታን ማጭድና ማረሻ ዘርግቶ ተቀምጦ አየሁት። ፊቴን ላዞር ስል ቀድሞ አወቀኝ። ደስ ብሎት ተነሣና ሁለት እጄን ያዘ። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጎፍታኮ፣ አንተ የወረቀቱን ነገር ታውቃለህ። ቤቴን ልከድን ሣር አሳጭጃለሁ። አዲሱ ቤቴ ባለበት፣ በዚያ በሾላው በኩል መንገድ ይመጣ ይሆን?" አለኝ።

"አይመጣም" አልኩት።

አላውቅም ነበር። ስለዚያ ቦታ የሠራነው ፕላን አልነበረም፣ ወደፊትም ምን እንደሚታሰብ የማውቀው ነገር የለም። እሱ ግን ሚስቱን ጠርቶ "አይመጣም አለ!" ብሎ ነገራት፣ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችልኝ።

ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም። ቤታቸውን መክደናቸውን፣ ከከደኑም እስከ መቼ እንደኖሩበት አላወቅሁም። አዴ ወርቂቱ በቤታቸው አርጅተው ሞቱ፤ ለዚያ አሁንም ደስ ይለኛል፣ ደስ ማለቱም ያሳፍረኛል። መሐንዲሱ እንደገና እርሳሱን አንሥቶ ቢጠይቀኝ ምን እንደምለው እስከ ዛሬ አላውቅም። ጉደታን ባገኘው ግን የማደርገውን አውቃለሁ። ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።