ሁለቴ የተለቀመ ምስር

ባለፈው ሲኤምሲ አካባቢ ካለ ሱፐርማርኬት «የተለቀመ ምስር» የሚል እሽግ አንስቼ ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ ተራ የምትጠብቀው ልጅ «ማዘር፣ ይቅርታ» ባትለኝ እስካሁንም እዚያው ነበርኩ። እናቴ በሕይወት ኖራ ብታየው አትገዛውም ነበር። እሷ የምትፈልገው መልቀሙን ነበር።

ልጅ እያለሁ ቤታችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም አይርቅም ነበር። ከአጥራችን ወዲያ የጤፍ ማሳ ይታያል፤ ዝናብ ሲያባራ የጭቃና የባሕር ዛፍ ሽታ ግቢው ድረስ ይመጣል። አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፤ እኛ ልጆቹ ሱዚ መዝለሉን አቁመን ወዴት እንደሚሄድ እንከራከራለን። አባቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ እሁድ እንኳ ከረባት የሚያስር ሰው ነበር። ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወሬው ሲጠፋ እማዬን ጭንቀት ያዛት። እሷ «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ነበር የምትለው። እንቅልፍ አጣች። ወጡ እያረረ እሷ ግድግዳ ታያለች፤ የግቢው በር ሲንኳኳ ደረቷን ትይዛለች።

መላውን ያገኘችው ራሷ ናት። ምስር በሰፌድ ይዛ በረንዳ ላይ ትቀመጥና ትለቅማለች። እጇ ሥራ ሲይዝ ትንፋሿ ይረጋጋል፤ አንዳንዴም ታንጎራጉራለች። ችግሩ ምስሩ ያልቃል። ሲያልቅ የለቀመችውን ጠጠር መልሳ ከምስሩ ጋር ትደባልቅና እንደገና ትጀምራለች። አንድ ቀን ጓደኞቼ ይህን አይተው እርስ በርስ ተያዩ። «ተለቅሞ አልነበር እንዴ?» አለች አንዷ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሱዚውን ጠቅልዬ ሌላ ቦታ ሄደን እንድንጫወት ለመንኳቸው።

እትዬ ዘይነባም አይተዋል። አስፋልቱ ዳር የእህል ሱቅ ያላቸው፣ ጨዋታ የሚወዱ የስልጤ ሴት ነበሩ። በማግስቱ ግማሽ ማዳበሪያ ምስር እየጎተቱ መጡ። «ወርቅዬ፣ የዚህኛው ጠጠር የደንበኛዬን ጥርስ ሊሰብርብኝ ነው። እስቲ ልቀሚልኝ፣ ሰው አጣሁ» አሏት። እማዬ ለቀመችላቸው። ሲያልቅ ሌላ አመጡ፤ ሱቁም ምስሩ ንጹህ ነው ተባለለት፣ እሳቸውም አልከፋቸውም። እማዬ ከእኛ ጋር ቀርባ መብላት ጀመረች። እኔ ግን እናቴ የሱቅ ሠራተኛ ሆነች ብዬ ሰው እንዳያየኝ በጓሮ በር እወጣ ነበር።

አንድ ቅዳሜ የአባዬ የሥራ ባልደረባ ሊጠይቀን መጣ። በረንዳው ላይ የተደረደሩትን ማዳበሪያዎች አየና «ምነው ከበደ፣ ንግድ ተጀመረ? ወይስ እህል እያከማቸህ ነው?» ብሎ ሳቀ። አባዬ አልሳቀም። በዚያን ጊዜ እህል አከማችቷል የተባለ ሰው ቀበሌ ይጠራል፤ ከተጠራ በኋላ የሚሆነውን ማንም አያውቅም። እንግዳው እንደወጣ ሁሉንም ወደ ሱቁ አስመለሰ። «ሰው ምን ይለናል?» አለ፣ መፍራቱን ላለመናገር። እማዬ ሰፌዱን አራግፋ ግድግዳው ላይ ሰቀለችና ገብታ ተኛች።

ከዚያ ወዲያ ከአልጋ መውረድ ተሳናት። ፀጉሯን አታበጥርም፣ የሰጠናትን አትቀምስም። አባዬ አጠገቧ ተቀምጦ ወሬ ይጀምራል፤ እሷ ወደ ግድግዳው ስትዞር ጋዜጣውን ያጣጥፋል። ጎረቤት ሲመጣ በሩን ገርበብ አድርገን «ተኝታለች» እንላለን። ሁላችንም ቀና ብለን መሄድ አቃተን።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የሰፈሩ ሰው ቆሞ ወደ አስፋልቱ ያያል። አባዬ ከረባቱን እንዳሰረ፣ በኮቱ ላይ ማዳበሪያ ተሸክሞ ከእትዬ ዘይነባ ሱቅ ይመጣል። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ፊቱ በላብ ርሷል። የቀበሌው ሊቀመንበር መንገዱ መሀል አገኘው።

«ምንድን ነው የተሸከሙት፣ ጓድ ከበደ?»

«ምስር ነው» አለ አባዬ። ማዳበሪያውን አላወረደም። «ባለቤቴ ታማለች። በሽታዋ ጭንቀት ነው። ይህን ስትለቅም ይሻላታል።»

ይህን ሁሉም ሰማ። ሊቀመንበሩ ትንሽ አየውና ዞር ብሎ አሳለፈው። እኔ የሰው አጥር ጥግ ተለጥፌ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ እንዳይታወቅ ፊቴን በደብተሬ ሸፍኜ ነበር።

እማዬ በዚያው ቀን አልተነሳችም፤ ግን ቀስ በቀስ ተነሳች። አባዬም ከሥራ ሲመጣ ኮቱን አውልቆ አጠገቧ ይለቅም ጀመር፤ ምስሩን ጥሎ ጠጠሩን ሲያስቀር እሷ ትስቅበታለች። መንግሥት ሲለወጥ ታደሰ እያነከሰም ቢሆን መጣልን።

ዛሬ እኔንም ያው በሽታ ይዞኛል። ሐኪም አለኝ፣ መድኃኒት አለኝ፣ ጠዋት ጠዋት በእግሬ እሄዳለሁ። እማዬ ይህ ሁሉ አልነበራትም። አባዬ ሰፈር ፊት ቆሞ የተናገረውን ግን እኔ ስለ ራሴ ከሐኪሜ ሌላ ለአንድ ሰው እንኳ ተናግሬ አላውቅም። በቀደም ከቤት ሳልወጣ ስሰነብት የፎቅ ጎረቤቴ አንኳኩታ «ምነው ጠፋሽብኝ፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ። ከልቧ ነበር የጠየቀችኝ፤ ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ጉንፋን ነው» አልኳት።

ከሰዓት ዝንጅብል በማርና በሎሚ አፍልታ በፔርሙዝ ይዛልኝ መጣች። በሩን ዘግቼ፣ ብቻዬን ተቀምጬ፣ እያፈርኩ ጠጣሁት።