የወረቀቱ ዕድሜ

የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዬን ባገኘው ቁጥር አቃቂ ባቡር ጣቢያ ጀርባ የተከራየናት አንዲት ክፍል፣ እናቴ ከአልጋ ሥር እየሳበች የምታወጣው የልብስ ሳጥንና የእህቴ የሰናይት ቀጭን ትከሻ አንድ ላይ ይመጡብኛል። ምነው ሌላ ትዝታ ቢመጣልኝ! አይመጣም።

ልጅ ሳለሁ፣ በአንዱ ክረምት፣ አባቴ ከክር ፋብሪካው ተቀንሶ ደጃፉ ላይ እየተቀመጠ ይስል ነበር፤ እናቴም የአከራያችንን ድምፅ ስትሰማ በሩን ገርበብ አድርጋ፣ እኔን እቅፏ ውስጥ ሸጉጣ፣ እስክታልፍ ትጠብቅ ነበር። አረብ አገር ሠራተኛ የምትልከው ደላላ፣ እትዬ አልጋነሽ፣ ጭቃውን እየረገጠች የመጣችው ያኔ ነው። ትኬቱን አሠሪዋ ማዳም እንደምትችል፣ የፓስፖርቱና የምርመራው ወጪ ግን ከእኛ እንደሚወጣ፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት ደሞዝም የራሷ የደላላዋ እንደሆነ ዘርዝራ ነገረችን። እናቴ እኔ ልሂድ ብላ ለራሷ ነበር የጠየቀችው።

«ውይ እቴ፣ አንቺን ማን ይወስድሻል? የሚፈልጉት ልጅ እግር ነው» አለቻት ደላላዋ፤ ዓይኗንም ሰናይት ላይ ጣለች። ሰናይት ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። «ሃያ አራት እናደርጋታለን። ወረቀት አይደል?»

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሰናይትን ግን ማንም አልጠየቃትም።

መስከረም ሲጠባ ለፓስፖርቱ ወጪ ቡፌያችንን ለባለሱቁ ለጋሽ ከድር ልንሸጥ ሄድን። «ልጅቷ ብትማር ይሻል ነበር» ቢላት፣ እናቴ አንገቷን ደፍታ «እባክዎ ይግዙኝ ብቻ» አለችው፤ ቡፌውን ገዛ።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ሰናይት ከሳጥኑ የወጣውን የእናቴን ጉርድና ኮት ትለብስ፣ ፀጉሯን ጠቅልላ ታስር፣ ባለተረከዝ ጫማ አድርጋ እየተንገዳገደች ቤት ውስጥ ትመላለስ ነበር። «ሰኒ» ማለት ቀረና «እትዬ ሰናይት» እንድላት ታዘዝኩ። ለእኔ ጨዋታ ነበር፤ በዚያ ላይ ስትረግጪው የሚበራ ጫማ ትልክልሻለች ተብያለሁ። እናቴ «እህትሽ ስንት ዓመቷ ነው?» ስትለኝ «ሃያ አራት!» እያልኩ እዘል ነበር። አይ እኔ!

ጥቅምት ላይ መታወቂያ ለማውጣት ቀበሌ ሄድን። ጸሐፊው መነጽሩን አውልቆ ሰናይትን ረዘም ላለ ጊዜ ካያት በኋላ ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

«የኔ ቆንጆ፣ እህትሽ ስንት ዓመቷ ነው?»

ሰናይት እጄን ጭብጥ አደረገችው። እውነቱን ንገሪው ማለቷ ይሁን አትናገሪ ማለቷ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ ጠይቄያትም አላውቅም፤ እፈራለሁ።

«ሃያ አራት» አልኩ፣ ጥርት አድርጌ።

ማኅተሙን መታው። እናቴ ውጭ ወጥተን ግንባሬን እየሳመች አለቀሰች። ሰናይት በታኅሣሥ ብርድ ያንኑ ናፍታሊን የሚሸት ኮት ለብሳ፣ ያልጨረሰቻቸውን ደብተሮች ለእኔ ትታ ሄደች። ጫማው መጣልኝ፤ አደረግኩትና ለሰፈር ልጆች አሳየሁት።

አሁን እናትና አባታችን የሉም። ገላን ኮንዶሚኒየም፣ በሰናይት ላብ በተገዛው ቤት፣ በራችንን የሚያንኳኳ አከራይ ሳይኖር ሁለታችን እንኖራለን። ከተመለሰች ዓመቷ ነው፤ ወገቧ አልታዘዝ ብሏታል። የማታ ትምህርት ልትመዘገብ አስባ ነበር፤ ከልጆቹ ጋር እንዴት እቀመጣለሁ ብላ ተወችው። ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ቀና ሳትል «ዕድሜ?» አለቻት። ሰናይት፣ የሚያውቀው ሌላ ሰው ይመስል፣ ወደ እኔ ዞረች። እኔም አፌ ቀድሞኝ የወረቀቱን ዕድሜ ተናገርኩ።

ያኔ ጭብጥ አድርጋኝ የነበረችው እጇ እጄ ውስጥ ነበረች። አሁን ግን አልጨበጠችኝም።