ከዲስኩ ያጠፋሁት ለቅሶ

ደብረ ታቦር ውስጥ ከሰኞ እስከ ዓርብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የአንድ ፎቶ ቤት ቪዲዮ ቀራጭ ነበርኩ። ሁለቱንም እችላለሁ ባይ ነኝ። በተለይ በዲስክ ነገር የሚደርስብኝ ያለ አይመስለኝም ነበር። ሰው "ሞልቷል" ብሎ የተወውን ዲስክ ከየጥጋጥጉ ቦታ ፈልጌ አሰፋለሁ፤ ሲያመሰግኑኝም ደረቴ ይነፋል። የአንዲትን ሴት የእናት ለቅሶ ያጠፋሁት በዚሁ ችሎታዬ ነው።

እናትየዋ በጋፋት በኩል ካሉት መንደሮች በአንዱ ነበር የሚኖሩት። ኅዳር ላይ፣ ቅዳሜ ገበያ ውለው ገብተው፣ ከጎረቤት ጋር ሲሳሳቁ አምሽተው፣ እንደተኙ ሳይነሱ ቀሩ። አንዲት ልጃቸው ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ኮንትራቷ ሊያልቅ ስምንት ወር ይቀራታል። በሰው አገር ብቻዋን ላለች ልጅ ደግሞ የእናት ሞት በስልክ አይነገርም፤ አገሯ ስትገባ ዘመድ ተሰብስቦ ማልዶ ነው መርዶዋን የሚነግራት። እስከዚያው በደወለች ቁጥር "እናትሽ ጆሮዋን ታማ ጸበል ገብታለች" ይሏታል።

ለቅሶውን እንድቀርጽ የጠሩኝ አጎቷ ናቸው፤ የሟች ታናሽ ወንድም። ከቀብር መልስ ክንዴን ይዘው ወደ ዳር ወሰዱኝ።

"ልጄ፣ ይሄን እኛ ቤት አታምጣው። ጎረምሳው ሁሉ በስልኩ እየቆረጠ ይልክባትና ልጂቱን በሰው አገር ያሳብድብናል። እናንተ ዘንድ ይቆይ። ስትመጣ ቁጭ ብላ ታልቅሰው። እናቷን ሳትቀብር የቀረች ልጅ ሌላ ምን አላት? አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ነው፣ ልጄ።"

"አይስጉ አባባ" አልኳቸው።

አደራውን በአቅሜ ጠበቅኩት፤ እንዲያውም አበዛሁት። የፎቶ ቤቱን ኮምፒውተር ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ያሠራሁት እኔ ስለሆንኩ፣ ሌሎቹ ሠራተኞች እንዳያገኙት ለዚህ ቪዲዮ ብቻ ከዲስኩ ዳር ላይ ትንሽ ክፍልፋይ፣ ለብቻው የታጠረ ቦታ፣ ከፈልኩለት። ስም አልሰጠሁትም። ኮምፒውተሩ ሲበራ አብሮ እንዳይከፈትም አደረግኩ። ከዚያ የካሜራውን ካርድ ለሚቀጥለው ሥራ አጸዳሁት።

ጥር መጣ። ጥር ላይ የእኛ አገር ሰው እርስ በርሱ ተጋብቶ የሚያልቅ ይመስላል። በአንድ ሳምንት የአምስትና የስድስት ሠርግ ቪዲዮ ተከምሮ ዲስኩ ጢም አለ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ትልቅ ዲስክ ገዝቶ አመጣ፤ እኔም የአሮጌውን ይዘት እንዳለ ወደ አዲሱ ገለበጥኩት፤ አሮጌውንም አጽድቼ ሰጠሁትና ሸጠው። አዲሱ ከግማሽ በላይ ባዶ ሆኖ ሳለ ባዶው ግን አልሠራ አለ። የድሮው የዲስክ አከፋፈል ከአራት ዋና ክፍልፋይ በላይ አይመዘግብም፤ አራቱ ደግሞ ተይዘዋል። አምስተኛ ልፍጠር ብለው፣ ብለው እምቢ አለኝ።

እኔ ደግሞ እምቢ መባል አልወድም። ኤልቪኤም የሚሉት አሠራር አለ፤ እዚህም እዚያም የተበታተኑ ክፍልፋዮችን ገጣጥሞ እንደ አንድ ሰፊ ቦታ ያሠራል። የሠርጉ ሁሉ ማስቀመጫ ከመጀመሪያውም በእሱ የተሠራ ነበር። ስለዚህ መላው ቀላል ነው፦ ከአራቱ ዳር ላይ ያለውን ማጥፋት፣ በእሱ ፋንታ እስከ ዲስኩ ጫፍ የሚደርስ ትልቅ ክፍልፋይ መፍጠር፣ ከዚያ ያን ከሠርጉ ማስቀመጫ ጋር ማጋጠም። ቁጥሩ አራት እንደሆነ ይቀራል፤ ቦታው ግን ይሰፋል።

ዳር ላይ ያለው ትንሽ ነው፤ ስም የለውም፤ የሚከፍተውም የለም። አንድ ሰሞን ጀምሬ የተውኩት ሙከራ መሰለኝ። ከሰው ደብቄ ደብቄ ከራሴም ደብቄዋለሁ። ከፍቶ ማየት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር። ባንኮኒው ላይ ግን አንድ የሙሽራ ወንድም "ዛሬ ካልደረሰ እንጣላለን" እያለ ይጮኻል፤ እኔም አላየሁም።

ማሽኑ እንኳ ጠይቆኛል። አዲሱን ክፍልፋይ ለኤልቪኤም ሳስረክበው ቆም አለና፣ እዚህ ቦታ ላይ የቆየ የፋይል ምልክት አግኝቻለሁ፣ ልጥረገው ወይ አለኝ። ሰው "እንደምን አደርክ" ሲለኝ "እግዚአብሔር ይመስገን" እንደምለው፣ ሳላስብ አዎ አልኩት። ቦታው ወዲያው ሰፋ። ባለቤቱ "አንተ ጠንቋይ!" ብሎ ትከሻዬን መታኝ፤ ደስ አለኝ። በዚያው ሰዓት ሠርጎቹ ይገለበጡበት ጀመር።

ሐምሌ ላይ አጎትየው ዝናብ ደብድቧቸው መጡ። "የዛሬ ሳምንት ትገባለች፤ አዘጋጅልኝ" አሉ። "ዝግጁ ነው አባባ" ብዬ ሸኘኋቸውና ልከፍተው ተቀመጥኩ። ክፍልፋዩ የለም፤ ጥር ላይ የጠረግኩት እሱን ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አሄድኩበት። ፈልጎ ፈልጎ ያገኘልኝ እስክስታ ብቻ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አልነበረም።

ለባለቤቱም ለአጎትየውም አንድ ዓይነት ነገር ነገርኳቸው፦ መብራት እየሄደ እየመጣ ዲስኩን በላው አልኩ። በእኛ ከተማ መብራት ያልተከሰሰበት ነገር ስለሌለ ማንም አልጠረጠረኝም። አጎትየው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠርዙን ዳበሱ። ከዚያ "እንግዲህ የእግዜር ፈቃድ ነው" ብለው ተነሡ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጅቷ መርዶዋን በሰማች በአሥረኛው ቀን ገደማ ብቻዋን መጣች። ጥቁር ለብሳለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ልትረግመኝ የመጣች መስሎኝ ከወንበሬ ተነሣሁ።

"ወንድሜ፣ የእናቴን ለቅሶ የቀረጽከው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ፤ ግን እኮ ዲስኩ..."

"ነግረውኛል፤ መብራት ነው አሉኝ። አንተ ምን ታደርግ! እኔ የመጣሁት ለሌላ ነው። በካሜራው ስታይ የዋልከው አንተ ነህ፤ ያየኸውን ንገረኝ።"

ወንበር ሰጠኋት። ምን ልንገራት? ቀራጭ ሰው የሚያየው ሌላ ነው። እኔ የማስታውሰው ባትሪው ሊያልቅ መሆኑን፣ ነፋሱ ድምፅ መቅጃው ውስጥ እየገባ ማስቸገሩን፣ አንድ ጃንጥላ ፊቴ ላይ ተዘርግቶ መናደዴን ነው። ቢሆንም የቻልኩትን ቆጠርኩላት። ሰዉ ብዙ እንደነበር፣ ቄሶቹ ፍትሐት ላይ እንደቆዩ፣ አጎቷ ሁለት ጊዜ እንደወደቁ ነገርኳት። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ዓይኗን ከአፌ ሳትነቅል ሰማችኝ።

"አልቃሿስ ምን ብለው ገጠሙ?" አለችኝ። "እሳቸውን ራሳቸውን ጠየቅኳቸው። 'የዚያን ቀን ያልኩትን የዚያን ቀን አልኩት ልጄ፤ ማን ይይዘዋል' አሉኝ። አንተ ትንሽም አልያዝክም?"

"የእናትሽን ለጋስነት አንሥተዋል። ቤታቸው ለመንገደኛ እንደማይዘጋ..."

"ስለ እኔስ?"

አላስታውስም ነበር። ምናልባት ብለዋል፤ ምናልባት ምንም አላሉም። "አላውቅም" ማለት ነበረብኝ፤ እሱም ባይሆን እውነቱን ሁሉ ማውጣት። ግን ፊቷን አየሁና ባዶ እጇን መስደድ አቃተኝ። ለእሷ ያዘንኩ መሰለኝ እንጂ ያዘንኩት ለራሴ ነው። አንድ ነገር ከሰጠኋት ዕዳዬ የሚቀልልኝ መሰለኝ።

"ብለዋል" አልኳት፤ የመጣልኝንም ወረወርኩ፦

ባሕር ማዶ ያለሽ፣ እንጀራ ያስቀረሽ፣
ደጅ ደጁን እያየች አለፈች እናትሽ።

ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ አለቀሰች። እኔ ደግሞ፣ ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ የግጥሙ ቤት ስለገጠመልኝ ትንሽ ደስ አለኝ።

ካለቀሰች በኋላ ስልኳን አወጣችና ወደ እኔ ያዘችው። "ድገመውና ልቅረጸው" አለችኝ። ጀመርኩ። "ባሕር ማዶ ያለሽ፣ እንጀራ ያስቀረሽ፣ መንገድ መንገድ..." ስል አቋረጠችኝ።

"ደጅ ደጁን ነው ያልከኝ።"

"አዎ፣ ደጅ ደጁን።"

"አንተ ረስተኸው ነበር፤ እኔ ግን ያዝኩት" አለችና እንደገና አስጀመረችኝ። በራሴ ድምፅ፣ ሳልሳሳት፣ እስከ መጨረሻው አልኩላት። ስልኩን ዘጋችው።

ከዚያ እጆቿን ጭኗ ላይ አጋደመች። "አጎቴ 'በድንገት ነው ያለፈችው፣ ስትስቅ ነው ያመሸችው' ይለኛል። ስምንት ወር 'ጸበል ናት' ያለኝ አጎቴ! ይሄንንም እንዳላዝን ብሎ ነው። ለካስ እናቴ ደጅ ደጁን እያየች ነው የሞተችው።"

አጎቷ እውነታቸውን እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ቀብሩ ቦታ ላይ ሰዉ ሁሉ ሲያወራው ሰምቻለሁ። ዋሽቼሻለሁ ለማለት አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር።

"ምናልባት አጎትሽ እውነታቸውን ይሆናል" አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። "ተወው ወንድሜ። ዘመድ ስለሚያዝንልህ ይዋሽሃል። አንተ ግን ምኔ ነህና ትዋሸኛለህ?" አለችኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብላ፣ እጄን በሁለት እጇ ጨብጣ ወጣች። በሩ ላይ ቆሜ ጥጉን እስክትታጠፍ ድረስ አየኋት፤ አልጠራኋትም።