ዘሃራን ይዤ ስመለስ

«እዚያው ይቁሙ አባቴ፣ አይጠጉን» አልኳቸው፣ አዋሽ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ወደ መኪናችን የመጡትን የአፋር ሽማግሌ። ያስላሉ።

ጊዜው የደርግ ነው። ልጄን ዘሃራን ከአዲስ አበባ ሆስፒታል እየመለስኳት ነበር። የደም ካንሰር ነው፤ ጉንፋን እንኳ ይገድላታል ብሎኛል ሐኪሙ። ይህንኑ ነገርኳቸው።

በአፋር አገር መንገደኛ ሲገናኝ ዳጉ አለ፤ እጅ ተነሳስቶ፣ ያየ የሰማውን ተነጋግሮ ነው የሚለያየው። እሳቸው ግን እጃቸውን ሰብስበው ዞሩ። አፈርኩ።

መኪናው ገዋኔ ተበላሽቶ ሁለት ቀን ቆየን። ሎጊያ ስንገባ ሰፈራችን ጭር ብሏል፤ ሊቀበለን የወጣ ሰው የለም።

«አባ፣ ፈሩኝ እንዴ?» አለች ዘሃራ።

ጎረቤቴ አሊ ከመንገዱ ማዶ፣ አፉን በፎጣው ሸፍኖ ተጣራ።

«አያ ሰይድ፣ ዳጉው ቀደመህ። የሚያስለን ሁሉ ከሰፈር ወጥተናል፤ ልጅህን አስገባት።»