ስድሳ በሰባ ሁለት የሆነች ወፍ

ታላቅ እህቴን የሥራ ቦታችን ሰው ሁሉ «እታለም» ይላታል። እኔ ስጠራት ሰምተው ነው የለመዱት። ሃያ ሁለት ዓመት የሹራብ ንድፍ ስትሠራ ኖራለች። ደንበኛ አበባ ወይም የድርጅት ምልክት ያመጣል፣ እሷ በካሬ ወረቀት ላይ በእርሳስ ታሰፍረዋለች። አንዷ ካሬ አንዲት የክር ቀለበት ናት። የጠቆረችው ጥቁር ክር፣ ባዶዋ ነጭ ክር። ሠራተኞቹ ወረቀቱን ፊት ለፊታቸው ይሰኩና ረድፍ በረድፍ እየቆጠሩ ይሠራሉ። እኔ መጨረሻ ላይ አንገትና እጅጌ እገጥማለሁ።

ሁለታችንም ከአምስተኛ ክፍል አላለፍንም። እሷ ያቋረጠችው እኔ እንድማር ብላ ነበር፤ እኔም ብዙ ሳልቆይ አቋረጥኩ። በዚህ ተወቃቅሰን አናውቅም። የሆነው ሆነ።

ሹራቡን ራሱ የሚሠራው አዲሱ ማሽን በገባ በሦስተኛው ቀን አለቃችን ጠራት። «እትዬ፣ ከእንግዲህ ንድፉን ለማሽኑ የሚሰጠው ኮምፒውተሩ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ካውያ ክፍል ቢገቡ ምን ይመስልዎታል?»

ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ከማባርራት ብሎ ነው። ግን ካውያ ክፍል ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ነው፣ የእህቴ ደረት ደግሞ እንፋሎት አይችልም። አንድ ጊዜ የታመመች ሴት ተክታ ሦስት ቀን ብትገባ አስሟ ተነሥቶባት ትራስ ታቅፋ ቁጭ ብላ ነው የሰነበተችው። ይህን አለቃው አያውቅም።

«ንገሪው እንጂ» አልኳት።

«ደረቴን ያመኛል ካልኩት ምን ሊያደርግልኝ ይዞኝ ይቀመጣል? ተይው፣ እግዜር ያውቃል።»

ተውኩት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ።

ሐሙስ ዕለት የማሽኑ የመጀመሪያ ሥራ ተጀመረ። አንድ ትምህርት ቤት ለተማሪዎቹ ሹራብ አዟል፤ ደረቱ ላይ ክንፏን የዘረጋች ወፍ ትኖራለች። ርእሰ መምህርቷ የወፏን ሥዕል በስልክ ፎቶ አንሥታ ልካለች። ማሽኑን የሸጡልን ሰዎች ለሳምንት የላኳት ቴክኒሺያን ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ለወጠችው፣ ስድሳ ወደ ጎን ሰባ ሁለት ወደ ታች አድርጋ አሳነሰችው፣ በፍላሽ ወስዳ ለማሽኑ ሰጠችው። ማሽኑ ተንጫጫና ጨርቁን አወጣ።

ወፏ አለች። ግን ዙሪያዋን በሙሉ ጥቁር ነጠብጣብ ወርሷታል።

«ውይ! ኩፍኝ ወጣባት!» አለች ቀልደኛዋ ክር አጠንጣኛችን። ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ቴክኒሺያኗ አልተናደደችም። ፎቶው ጄፔግ ስለሆነ ነው አለችን፤ ጄፔግ ፋይሉ እንዲያንስ ሲል ምስሉን ይጨምቀዋል፣ ሲጨምቀው ደግሞ በጠርዝ በጠርዙ እድፍ ይተዋል። ስለዚህ ፒኤንጂ ወደሚባል እድፍ ወደማይተው ዓይነት ቀየረችው። ነጠብጣቡ እንዳለ ነው። ከዚያ ለማሽኑ ይበልጥ ወደሚስማማው ወደ ቢትማፕ ቀየረችው። ያው ነው።

እህቴ ከኋላዋ ቆማ ታያለች። መናገር አትወድም፣ ያን ቀን ግን አላስቻላትም።

«የኔ ልጅ፣ ልብስ ብቻ እኮ ነው የምትለውጪላት። ገላዋን መች አጠብሻት?»

ቴክኒሺያኗ ዞር ብላ አየቻትና ሳቀች። «እውነትዎን ነው። አንዴ የገባ እድፍ በየፋይሉ ይከተላል። እንግዲያው በእጅ እንጠበው።»

ፋይሉን ፒቢኤም በሚባል ሌላ ዓይነት አስቀመጠችና ደብዳቤ እንደሚከፈት በኖትፓድ ከፈተችው። ወፍ የለም። ከላይ 60 እና 72 የሚል ተጽፏል፤ ከዚያ ወዲያ ዜሮና አንድ፣ ዜሮና አንድ፣ እስከ ታች። እኔ ዓይኔ ዞረ። እህቴ መነጽሯን አደረገችና ጎንበስ አለች። ጣቷ በረድፉ ላይ ሄደ።

«ይሄማ የኔ ወረቀት ነው» አለች ቀስ ብላ። «አንዱ ጥቁር፣ ዜሮው ነጭ። ይኸው ክንፏ እዚህ ይጀምራል።»

«እንዴት አወቁት?»

«ምኑ ይታወቃል፣ ይቆጠራል እንጂ።»

ቴክኒሺያኗ ሜዳው ላይ ለብቻቸው የተበተኑትን አንዶች እየፈለገች መሰረዝ ጀመረች። ጣቷ ፈጣን ነው፣ ወዲያው ጨረሰችና ምስሉን አሳየችን። ነጠብጣቡስ ጠፍቷል፤ ወፏ ግን ወደ ጎን ተጋድማለች፣ የጭራዋም ጫፍ በወዲያኛው ጠርዝ ብቅ ብሏል።

«አሁን ደግሞ ሰከረች!» አለች ክር አጠንጣኟ።

ቴክኒሺያኗ ጭንቅላቷን ስታክ እህቴ፣ «ሰረዝሻቸው እኮ!» አለቻት። «ከረድፉ አንድ ቀለበት ከጣልሽ የኋላው ሁሉ አንድ አንድ ወደ ፊት ይመጣል። አንዱን አውጪና በቦታው ዜሮ አስገቢ። ነጩም እኮ ክር ነው።»

ቴክኒሺያኗ ከወንበሩ ተነሣች። «ይምጡ፣ ይቀመጡ።»

አለቃችን በሩ ላይ ቆሞ እንደነበር ያየሁት ያኔ ነው።

ቴክኒሺያኗ ያልተነካውን ፋይል መልሳ ከፈተችላት፤ እህቴ በአንድ ጣት ከምሳ እስከ መውጫ ሠራች። በየረድፉ መጨረሻ ስድሳ መሆኑን ትቆጥራለች። ነጠብጣቡን ብቻ አይደለም፤ ምስሉ ሲያንስ የወፏ ዓይን ተውጦ ነበርና ጭንቅላቷ ላይ አራቱን አንድ በዜሮ ተክታ ዓይን አበጀችላት። ቴክኒሺያኗ መልሳ ወደ ቢትማፕ ቀየረችውና ፍላሹን ማሽኑ ላይ ሰካች።

የቀረው ሰው ወፏን ይጠብቃል። እኔ የእህቴን ደረት እያየሁ ነበር።

ጨርቁ ወጣ። ወፏ ጥርት ብላ፣ ዓይኗን ገልጣ። ክር አጠንጣኟ ቀድማ እጇን ሰዳ ዳሰሰቻት።

አለቃችን ጨርቁን ገለበጠው፣ ዘረጋው። «አንቺ ስትሄጂ ይህን ማን ይሠራዋል?» ብሎ ቴክኒሺያኗን ጠየቃት።

በአገጯ ወደ እህቴ አመለከተች። «ማሽኑ የሰጡትን ነው የሚሠራው። እኔ ፋይል እቀይራለሁ እንጂ ይህን አልችልም። ቅየራውን ነገ አስተምራቸዋለሁ፣ ከባድ አይደለም።»

አለቃው አንገቱን ሲነቀንቅ ቆየና፣ «እትዬ፣ ካውያውን ይተዉት። ይቺን ጠረጴዛ ይያዙ» አላት።

እህቴ አላመሰገነችም፣ አላለቀሰችም። «ወንበሩ መደገፊያ ይኑረው» አለች፣ በቃ። እኔ ግን ክር ማከማቻው ገብቼ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ።  ሳምንቱን ሙሉ ትንፋሼን ይዤ እንደነበር ለራሴም አልታወቀኝም።

በማግስቱ ርእሰ መምህርቷ መጥታ ጨርቁን አየች፣ ወደደችውም። እህቴ በዚያ ሰዓት ከቴክኒሺያኗ ጋር ተቀምጣ የፋይል ስም በወረቀት ትገለብጣለች፦ ጄፔግ ከስልክ፣ ፒቢኤም ለእርማት፣ ቢትማፕ ለማሽን።

ወደ ቤት ስንሄድ ዳገቱ ላይ ቀድማኝ ወጣች። ልከተላት ሞክሬ አልቻልኩም።

«እታለም፣ ቀስ በይ እንጂ!» አልኳት።

«ምን ሆነሻል? ነይ፣ ይመሻል» አለችኝ፤ ትንፋሿም አልተቆራረጠም።